ከፑሚስ ወዲያ ላሳር!

ፑሚስ ነው! ያው ብሎኬት የሚመታበት፣ ከሐዋሳ ዙሪያ በሲኖትራክ እየተጫነ የሚገባው፣ በየብሎኬት ማምረቻው ግቢ ተቆልሎ ዝናብ ሲመታው ግራጫ፣ ፀሐይ ሲወጣ ነጭ የሚሆነው ቀላል ድንጋይ! የውሃ ውስጥ ተክል የምንወድ ሰዎች ከዱባይ ካልመጣ፣ ከአዲስ አበባ ካልተላከልን እያልን የምናልመው የአኳሪየም ንጣፍ ለካ ደጃችን ላይ ተቆልሎ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት ፒያሳ ላይ ነው፤ ካወቅሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሳልነግር አላልፍም።

ፒያሳ ስል የሐዋሳዋን ማለቴ ነው፤ ቅዱስ ገብርኤልን ተገን አድርጋ ባጃጁና ብስክሌቱ ሲተራመስባት የሚውልባትን። እዚያ አንድ ፎቶ ቤት አለ። ጉርድ ፎቶ ልነሣ ገብቼ ተራ ስጠብቅ፣ ከወንበሮቹ ጀርባ የቆመው አኳሪየም ዓይኔን ያዘው። አኳሪየም አይቼ አላውቅም ማለት አይደለም። ሆቴሉም ካፌውም ያስቀምጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ጠጠር፣ የፕላስቲክ ቅጠል፣ ሁለት የደከማቸው ወርቃማ ዓሦች ናቸው። ይሄ ሌላ ነው። ቫሊስኔሪያ የሚባለው የውሃ ተክል ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ውሃው አፍ ደርሷል፤ አፉም አልበቃው ብሎ ታጥፎ ተንሳፍፏል። የአማዞን ሶርድ የሚባለው ተክል እያንዳንዱ ቅጠሉ መዳፍ ያህላል። ከየቅጠሉ ጠርዝ ደቃቃ የኦክሲጅን አረፋ እየተላቀቀ ይወጣል። ጉፒ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች በመሃሉ ይሽሎኮሎካሉ። ውሃው ጥርት ያለ፣ ሽታ የሚባል የሌለው።

ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ምን እየሰጧቸው ነው እንዲህ የሚያድጉት?»

«ምንም። መብራት አለ፤ ዓሣው የሚጥለው አለ። በቃ።»

«ከሥራቸው ያለውስ?»

«ከታች ቀይ አፈር፣ ከላይ ፑሚስ።»

«የትኛው ፑሚስ?»

«የብሎኬቱ ነዋ ልጄ! ሌላ ፑሚስ አለ እንዴ?»

ከዚያም ወደ መስታወቱ ጠጋ አድርገው ሥሩን አሳዩኝ። እዚህ ላይ ቀስ ልበል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። መስታወቱን ተጠግታ ከምታድግ አንዲት ቫሊስኔሪያ ነጭ ሥር ቁልቁል ወርዷል። አንዲት ፍሬ ፑሚስ ጋ ሲደርስ አልዞራትም፤ በቀዳዳዋ ገብቶ በጎኗ ወጥቷል። ከጎኗ የወጣው ሥር ፀጉር የመሳሰሉ ቅርንጫፎች አብቅሎ ቀጥላ ያለችውን ፍሬም ይዟታል። ጋሼ በወረንጦ አንዷን ትንሽ ቡቃያ ቀስ ብለው ነቀሉልኝ፤ ከነድንጋዮቿ ወጣች። አምስት ስድስት የፑሚስ ፍሬ ሥሯ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ብትነቀንቀውም አይወድቅም። ተክልና ድንጋይ እንዲህ ሲተቃቀፉ አይቼ አላውቅም። የፎቶው ተራዬ አልፎ ሌላ ሰው ገባ፤ ግድ አልሰጠኝም።

አኳሪየም ለሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ዓሣው፣ ስለ መብራቱና ስለ ማጣሪያው ነው። የወለሉ ነገር መጨረሻ ላይ «ጠጠር ጣል አድርግበት» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ተክል ላለበት አኳሪየም ከሁሉ በፊት መመረጥ ያለበት ወለሉ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም አምፖሉን ነገ ትቀይረዋለህ፣ ማጣሪያውን በሌላ ትተካዋለህ፣ ወለሉን ለመቀየር ግን ሁሉንም ነቅለህ፣ ዓሣውን አውጥተህ፣ ውሃውን ደፍተህ ነው። ወለሉ ደግሞ ብዙ ይጠየቃል። ተክሉን አጥብቆ መያዝ አለበት፤ ነገር ግን ተጠቅጥቆ ሥሩን ማፈን የለበትም። ውሃና ኦክሲጅን ማሳለፍ አለበት። የውሃውን ጠባይ መለወጥ የለበትም። የዓሣውን ኩስ ወደ ማዳበሪያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩበት ገጽ ሊኖረው ይገባል። ይህን ሁሉ ባንድነት የሚያሟላ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ነው የፒያሳው ነገር ያስደነቀኝ!

ፑሚስ ከየት መጣ? ከዚሁ ከእግራችን ሥር ነዋ! ሐዋሳ የተቀመጠችው በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ካልዴራ ውስጥ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ያለው ኮርቤቲ ደግሞ ከ180 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ፈንድቶ አናቱ ወደ ውስጥ ተደርምሷል፤ በመካከሉም ኡርጂና ጨቢ የተባሉ እሳተ ገሞራዎች በቅለዋል። ኡርጂ አካባቢ ከተነሡት ትልልቅ ፍንዳታዎች አንዱ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት የሆነ ነው፤ በመሬት ዕድሜ ትናንት ማለት ነው። ጋዝ የሞላው ቅልጥ ዐለት ከምድር ሲወጣ ተጭኖት የነበረው ክብደት በድንገት ይነሣለታል። ጋዙ ይፋፋል፤ ዐለቱ አረፋ ይሆናል፤ አረፋው ገና ሳይፈርስ አየር ላይ ይቀዘቅዛል። ያ የደረቀ አረፋ ነው ፑሚስ። አንዱን ፍሬ ሰብራችሁ በአጉሊ መነጽር ብታዩት ዓይኑ የበሰለ የጤፍ እንጀራ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ቀዳዳ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ቀዳዳ።

የሐይቃችንም ነገር ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለም። መውጫ የሌለው የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዕጣው ምን እንደሆነ ሻላንና አብያታን ያየ ያውቃል፤ ፀሐዩ ውሃውን ይወስዳል፣ ጨውና ሶዳው ይቀራል። ሐዋሳ ግን ቆሮሶና አምባዛ የሚረባበት ጨው ያልበዛበት ውሃ ሆኖ ቆይቷል። የውሃ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ሐይቁ በመሬት ውስጥ፣ በስንጥቁና በእሳተ ገሞራው ቀዳዳማ ድንጋይ በኩል እየሰረገ ይወጣል። ይህን ሳስብ ውስጤ ሙቀት ይሞላዋል። ውሃ የሚያሳልፍ ወለል ትልቁን ሐይቅ እንዲህ ካቆየ፣ መስታወት ውስጥ ያለችውን ትንሿን ሐይቅ ማቆየት ምን ያቅተዋል?

በዓለም ላይም ቢሆን የዚህ ሙያ ቁንጮዎች ከእሳተ ገሞራ ርቀው አያውቁም። ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ (እ.ኤ.አ. 1954–2015) የአኳሪየም አትክልተኝነትን ወደ ሥነ ጥበብ ያሳደገ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ያቋቋመው አኳ ዲዛይን አማኖ ለዓለም ካስተዋወቃቸው ነገሮች አንዱ ከጃፓን የእሳተ ገሞራ ጥቁር አፈር ተጋግሮ የሚሠራው አኳ ሶይል ነው። ከእሱ በታች እንዲነጠፍ የሚሸጠው ፓወር ሳንድ ደግሞ መሠረቱ ምን ይመስላችኋል? ፑሚስ! አማኖ በመጨረሻው ዓመቱ ሊዝበን ኦሽናሪየም ውስጥ የሠራው «ከውሃ በታች ያሉ ደኖች» የተሰኘው ሥራ 40 ሜትር ርዝመትና 160 ሺህ ሊትር ውሃ ያለው ነው፤ ለእሱም ከአዞረስ ደሴቶች 25 ቶን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተጭኖ ሄዷል። ፖርቱጋሎች ባሕር አቋርጠው ያመጡትን ዓይነት ድንጋይ እኛ በባጃጅ እናመጣለን።

አኳ ሶይልን ማጣጣል አልፈልግም፤ ግሩም ነገር ነው። የውሃን የማዕድን ክብደት ያለዝባል፣ ገና ከጅምሩ ምግብ ይሰጣል። ነገር ግን የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፣ ይከብዳል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም ፍሬው እየፈረሰ ጭቃ ይሆናል። ሐዋሳ ላለ ተማሪ ወይም ፀጉር ቤቱ ውስጥ አኳሪየም ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው «እሱን ካላገኘህ ተክል አታበቅልም» ማለት በሩን መዝጋት ነው።

ሌሎቹ አማራጮችስ? ቀለም የተቀባውን ጠጠር እንርሳው። የሐይቅ ዳር ደቃቅ አሸዋ ሲያዩት ያምራል፤ ሲቆይ ግን ይጠቀጠቃል፣ ከሥሩ ኦክሲጅን ያልቃል፣ ስትነካው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። ያ ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ሥር ይገድላል። የእምነ በረድ ስባሪ ደግሞ ቀስ በቀስ እየሟሟ ውሃውን በማዕድን ያከብደዋል። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲነካ ይደፈርሳል፤ ብቻውን የተነጠፈበት ውሃ ጠርቶ አያውቅም። ንጹሕ የወንዝ ጠጠር ምንም አይልም፤ ችግሩ ምንም አለማለቱ ነው፤ ተክሉን ያቆመዋል እንጂ ከዚያ ያለፈ ነገር አያደርግለትም።

ክብደቱን ደግሞ አስቡት። ወለሉ 60 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ብታነጥፉበት 9 ሊትር ንጣፍ ይፈልጋል። አሸዋ ከሆነ ከ14 ኪሎ በላይ ነው። ደረቅ ፑሚስ ከሆነ 6 ኪሎም ላይሞላ ይችላል። ጠረጴዛው ያመሰግናል፤ የመስታወቱም ወለል ያመሰግናል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት፦ ፑሚስ ብቻውን ተክል አይመግብም። በአብዛኛው ሲሊካ ነው፤ መስታወት ማለት ነው። ምግቡን የሚሰጠው ከሥሩ ያለው አፈር ነው። የጋሼ ብልሃት ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ከታች ቡናና እንሰት የሚያበቅለውን የሲዳማ ቀይ አፈር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ያነጥፋሉ፣ ከላይ በ3 ሳንቲ ሜትር ፑሚስ ያለብሱታል። የአፈሩ ቅላት ብረት ነው። ብረቱ አየር ባለበት ዝጎ የተቆለፈ ነው፤ ውሃ ሥር ገብቶ ኦክሲጅን ሲያጥረው ግን ከፊሉ እየሟሟ ሥሩ ሊወስደው ወደሚችለው ዓይነት ይለወጣል። የሸክላው ክፍል ደግሞ ፖታሲየሙንና አሞኒየሙን ይዞ ያቆያል፤ ለሥሩ ጥቂት በጥቂት ይለቅለታል። አሜሪካዊቷ ዲያና ዋልስታድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው የተክል አኳሪየም ሥነ ምህዳር መጽሐፏ ያስተማረችው ይህንኑ የአፈርና የክዳን ዘዴ ነው፤ እሷ ክዳኑን በጠጠር አደረገችው። ፒያሳ ላይ ክዳኑ ፑሚስ ሆነ፤ ለእኔ ከጠጠሩ ይበልጣል።

ለምን ይበልጣል? ቀዳዳው ነዋ! የዓሣው ኩስና ሽንት ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬቱን ተክሉ ይበላዋል። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ካወጣ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ባክቴሪያዎቹ ውሃ ላይ አይንሳፈፉም፤ የሚጣበቁበት ገጽ ይፈልጋሉ። ለስላሳ ጠጠር ያለው ውጭው ብቻ ነው። ፑሚስ ውስጡም ገጽ ነው። በአንድ እፍኝ ፑሚስ ውስጥ የሚሰፍረው ሕይወት በዓይን ቢታይ ኖሮ ማንም ሰው ይህን ድንጋይ በአካፋ ሲዝቅ እጁ ይቆም ነበር!

የሐዋሳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው መብራት ሲጠፋ ነው። ማጣሪያው ቆመ ማለት በሌላ አኳሪየም ውስጥ ሰዓት መቁጠር ተጀመረ ማለት ነው፤ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አየር መማግ ይጀምራል። ተክል የሞላበትና ወለሉ በባክቴሪያ የተሞላ አኳሪየም ግን ሞተሩን ብቻ ተስፋ አድርጎ አይኖርም። ቀን ከሆነ ተክሉ ከመስኮት በሚገባው ብርሃን ኦክሲጅን ያመርታል፤ ወለሉም ሥራውን አያቆምም። ሌሊት ተክሉም ራሱ ኦክሲጅን ስለሚወስድ ዓሣ ማብዛት አይገባም፤ ልኩ ከተጠበቀ ግን ጋሼ እንደነገሩኝ መብራት ጠፍቶ ያደረባቸው ሌሊት ጥቂት አይደለም፣ ጠዋት የሞተ ዓሣ ግን አልጠበቃቸውም። ለንደናዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ገደማ ወርቃማ ዓሣን፣ ቫሊስኔሪያንና ቀንድ አውጣን በአንድ ገንዳ አድርጎ ማጣሪያ በሌለበት ዘመን ሲያኖር ያረጋገጠው ይህንኑ ሚዛን ነበር።

አሁን ራሱ ለመሥራት ለተነሣ ሰው ልንገር። ብሎኬት ቤት ስትሄዱ ሲሚንቶ ከሚቦካበት ጥግ አትውሰዱ፤ ሲሚንቶ የነካው ፑሚስ ውሃውን ያበላሻል። ከክምሩ በላይኛው በኩል፣ ገና ካልተነካው ውሰዱ። እኔ በሄድኩበት ግቢ አካፋ የያዘው ወጣት «ስንት ብሎኬት ልትሠራ ነው በአንድ ማዳበሪያ?» አለኝ። ለአኳሪየም ነው አልኩት፤ የውሃ አበባ ማብቀያ ነው ብዬ አስረዳሁት። ስልኬ ላይ ያለውን የፎቶ ቤቱን አኳሪየም ሳሳየው አካፋውን ጥሎ ጓደኞቹን ጠራ። «ይሄ የእኛ ፑሚስ ነው?» እያሉ ተቀባበሉት። ያን ፊታቸውን ማየት ራሱ ደስ ይላል።

ቤት ሲገባ መጀመሪያ በወንፊት ነው። ዱቄቱ ይውጣ፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያለው ለላይኛው ንጣፍ ይቀመጥ፤ ከዚያ የሚተልቀው ለብቻው ይያዝ። ቀጥሎ ጥቂቱን ፍሬ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ኮምጣጤ አንጠባጥቡበት። ከተንጨረጨረ ኖራ ወይም ሲሚንቶ አለበት፤ ዝም ካለ ንጹሕ ነው። ከዚያ እጥበት ነው፣ ያለ ሳሙና፣ የሚፈሰው ውሃ እስኪጠራ ድረስ። እዚህ ላይ ስንፍና አያዋጣም፤ ዱቄቱ ከቀረ አኳሪየሙ ለቀናት ወተት ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደስ የሚለው ክፍል ነው። ደረቅ ፑሚስ ይንሳፈፋል! ድንጋይ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ያየ ልጅ ሳይስቅ አይቀርም። የሚያንሳፍፈው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አየር ነውና አየሩ መውጣት አለበት። ብረት ድስት ውስጥ አፍልታችሁ በዚያው ውሃ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ ተዉት። ሲፈላ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይጠብና ውሃውን ወደ ራሱ ይስባል። ጆሯችሁን ጠጋ ብታደርጉ ድስቱ ውስጥ ጥቃቅን የሲርታ ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ከየፍሬው ደቃቅ የአረፋ ሰንሰለት ሲወጣ ይታያል፤ ከዚያ አንዱ ተገልብጦ ይሰምጣል፣ ሌላው ይከተለዋል። ተነክሮ ለቀናት የተቀመጠም ይሰምጣል፤ ብቻ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጨረሻ አልሰምጥም ያለው ቀዳዳው የተዘጋ ነው፤ ለአበባ ማሰሮ ይሁን።

ከላይ የሚለብሰው ፑሚስ በውሃ ውስጥ ቀላል ስለሆነ አፈር የሚቆፍር ዓሣ ካለ ይበተናል። የሚቆፍር ዓሣ ላለው ሰው የጋሼ መላ ሬድ አሽ ነው፤ ለመንገድ ድልዳል የሚውለው ያ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር። የፑሚስ ሥጋ ዘመድ ነው፤ ከበድ ይላል፣ ወዲያው ይሰምጣል፣ ቅላቱም ለአረንጓዴው ቅጠል ውበት ይጨምርለታል። ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ግን ወለል እየላሱ ለሚኖሩ፣ ጢም ላላቸው ዓሦች አልመክረውም። እኔ በበኩሌ ነጩን እመርጣለሁ። ሥሩን የሚያሳየኝ ነጩ ነው።

አፈሩንም ዝም ብሎ ከጓሮ ዝቆ መጨመር አይደለም። ፍግ የበዛበት፣ ማዳበሪያ የተረጨበት አፈር አይሆንም። ንጹሕ ቀይ አፈር ወስዶ፣ ሥሩንና ጭራሮውን ለቅሞ፣ አርጥቦ ማድረቅ፣ እንደገና አርጥቦ ማድረቅ ነው፤ ያን ጊዜ የሚበሰብሰው ነገር ውጭ በስብሶ ያልቃል። ከዚያ ተነጥፎ፣ ፑሚሱ ተደርቦ፣ ላዩ ላይ ሳህን አስቀምጦ ውሃውን ሳህኑ ላይ ቀስ እያሉ መሙላት። ተክሉ በመጀመሪያው ቀን ይተከላል፤ በብዛት ይተከላል! ዓሣው ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠብቅ፤ በመጀመሪያ አፈሩ አሞኒያ ይለቃልና። ጉጉት ያለበት ሰው ይህ ይከብደዋል። እኔ ግን እነዚያን ሳምንታት ከሁሉ በላይ ወድጃቸዋለሁ፤ ዓሣ ስለሌለ ዓይን የሚያርፈው ሥሩ ላይ ነው።

ምን እንትከል? በሥሩ ከወለል የሚመገብ ተክል ለዚህ ወለል የተፈጠረ ነው፤ ቫሊስኔሪያ፣ የአማዞን ሶርድ፣ ክሪፕቶኮሪን። አፍሪካዊው አኑቢያስ መቀበር አይወድም፤ የጠለቀ ትልቅ የፑሚስ ቁራጭ ላይ በክር ታስሮ ቢቀመጥ ሥሩን በየቀዳዳው እየሰደደ ይይዘዋል፤ ክሩ ቢፈታም ከዚያ ወዲያ አይወርድም። በሐዋሳ ሐይቅ የሚገኘው ሴራቶፊለም ደግሞ ጭራሽ ሥር የለውም፤ ለማንኛውም ወለል ግድ የለውም፣ ተንሳፍፎ ያድጋል፣ አዲስ አኳሪየም ውስጥ አሞኒያ በመምጠጥ ረገድ ወደር የለውም። ከመጠን በላይ ያደገውን ግን ወደ ሐይቁ አትወርውሩ፤ አድርቃችሁ ለብስባሽ ተጠቀሙበት። ከውጭ የመጣው አረም እምቦጭ በሀገራችን መኖሩ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ነው፤ ጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል። ከውጭ የመጣ የአኳሪየም ተክል ጥቁር ውሃን ወይም ሐይቃችንን እንዲያይ አይፈቀድለት።

ከዓሣ ቆሮሶን እንደምወደው በሐዋሳው ዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል የበላሁት ምሳ ይመስክር፤ ተክል አኳሪየም ውስጥ ግን ጠላት ነው። ወንዱ ለመራባት ሲዘጋጅ አሸዋ ቆፍሮ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል፤ ያን ጊዜ የሚተርፍ ተክል የለም። አምባዛ ከ1 ሜትር በላይ ያድጋል፤ የመስታወት ቤት አይችለውም። ጉፒ ለዚህ ወለል ሰላማዊ ነው። በሐይቃችን ውስጥ ግን ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቃት አንዲት ትንሽ ዓሣ አለች፤ አፕሎኪሊክቲስ አንቲኖሪ በሚል ሳይንሳዊ ስም ትታወቃለች። ጣት የማታክል ናት፤ የተሰየመችው በሸዋ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1882 ባረፈው በጣሊያናዊው አሳሽ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ስም ነው። ከዚሁ አገር አፈር፣ ከዚሁ አገር ፑሚስ፣ ከዚሁ ሐይቅ ተክልና ከዚሁ ሐይቅ ዓሣ የተሠራ አኳሪየም በአንድ የሐዋሳ ትምህርት ቤት መግቢያ ላይ ቆሞ ማየት እንዴት እንደሚያስደስተኝ!

ፑሚስ ደግሞ አያረጅም። አፈሩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ኃይሉ ሲያልቅ ሁሉንም አውጥቶ በወንፊት መለየት ነው። አፈሩ የዓሣውን ኩስ ሁሉ ጠጥቶ ኖሯልና ወደ ጎመን መደብ ይሂድ፤ ጎመኑ ያብዳል። ፑሚሱ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ተመልሶ ይገባል። አሁን መስታወቴ ውስጥ የተነጠፈውን ማዳበሪያ ሙሉ ፑሚስ ከዚህ በኋላ ለስንት አኳሪየም እንደምገለብጠው አላውቅም፤ ልጆቼም ይደርሳቸዋል።